የጾም ቀን ቁራዎች

ሰኞ፣ የካቲት 13 ቀን 1998 ዓ.ም.

«በግቢዎ ውስጥ በሚገኘው የጥድ ዛፍ ላይ ጎጆ የሠሩት ቁራዎች በኅብረተሰቡ ላይ ተደጋጋሚ ጥቃት እያደረሱ መሆኑን ከቀረበልን አቤቱታ ተረድተናል። በመሆኑም ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በሰባት ቀን ጊዜ ውስጥ ዛፉን እንዲያስቆርጡ እያሳወቅን፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ሠራተኞች የሚያስቆርጥ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የጨመርኩት የለም፣ የቀነስኩት የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጥቶ፣ ሁሉም እያየ አስፈርሞ ሰጠኝ። የሒሳብ መምህሩ «ምን አጠፋህ?» አለ። «ዛፍ አለኝ» አልኩት።

ማን ተጠቃ? አይልም። መቼ? አይልም። የት? አይልም። አቤት ያለው ማን ነው? አይልም። ተማሪ እንዲህ ያለ የላብራቶሪ ሪፖርት ቢያመጣልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ደግሞም በዚህ ከተማ ቁራ የማያርፍበት ጣሪያ የለም። ሉካንዳው በበዛ ቁጥር ቁራው በዛ። ገደል ለገደል ይኖር የነበረ ወፍ ዛሬ የስልክ እንጨት ላይ ቆሞ መንገደኛ ይመርጣል። ይህን ሁሉ በእኔ ጥድ ማሳበብ ምን ይሉታል?

መሰላል አቁሜ ከጣሪያው ላይ ሆኜ አየሁ። ጫጩቶቹ ሦስት ናቸው። ላባቸው ገና አልሞላም። ጎጆው በጥቁር የበግ ጠጉር ተነጥፏል። የጎረቤቴ የእማማ አስካለ ጠጉር ነው፤ ለባና ሊፈትሉት አጥበው ድንጋይ ላይ ያሰጡት። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋቸዋል። የተሰጠኝ አንድ ሳምንት ነው። ሰባተኛው ቀን የፊታችን ሰኞ ነው፣ የሁዳዴ መግቢያ።

እራት፦ ሽሮ፣ ብቻዬን። ዘነበች «ልጆቹን ላስተምር» ብላ ደብረ ብርሃን ከወረደች አራት ዓመት ሆነ። ልጆቹ ትምህርታቸውን ጨርሰዋል። ሚስቴ ግን አልተመለሰችም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 14

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ደረጀ ተማሪዬ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የእንቁራሪት ሥዕል ሥሎ ሳንባውን ረሳ፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ዛሬም ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሣል።

«ቲቸር፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጥኩም። አቤቱታውን አሳየኝ አልኩት። አንገቱን አከከ። «ቲቸር፣ እርስዎ ለቁራ ጥብቅና ይቆማሉ ብዬ አልጠበቅኩም» አለ። ፋይሉን አሳየኝ አልኩት፣ ደግሜ። አወጣው።

ከአቤቱታው በስተጀርባ ሰባት መስመር አለ። በእያንዳንዱ መስመር ቁራው ያጠቃበት ቀን፣ ስምና ፊርማ። ቀኖቹን ገለበጥኩ፦ ጥር 26፣ ጥር 29፣ ጥር 30፣ የካቲት 1፣ የካቲት 3፣ የካቲት 8፣ የካቲት 10። የካቲት 1 አጠገብ ፊርማ ሳይሆን የአውራ ጣት አሻራ ነው። ከሥሩ ጸሐፊው ስሙን ጽፎታል። አስካለ።

እማማ አስካለ። በአንድ አጥር የምንለያይ። ባለፈው ሳምንት ቆሎ የሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ደረጀ ያለውን አልሰማሁትም። ወረቀቱን መለስኩለትና ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ እማማ አስካለ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። «እንደምን ዋልክ መምህር» አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ገባሁ። በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁት፤ እንዲሰሙት።

ረቡዕ፣ የካቲት 15

ዛሬ በዓይኔ አየሁ። መካድ አልችልም።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ አንዲት ሴት ዳቦ በፌስታል ይዛ ከፊቴ ትሄዳለች። ቁራው ከጀርባዋ መጣ፤ ድምፅ የለውም። ፌስታሉን ቀደደ። ጮኻ ስትዞር እጇ ላይ አረፈ። ዳቦውን ይዞ እስኪነሣ ድረስ አልለቀቃትም። ማጅራቱ ላይ ያለውን ነጭ አየሁት፣ ያን መጥረቢያ የሚያህል ምንቃሩን። ወዴት እንደበረረም አየሁ። ወደ ጥዱ ነው።

ንዴቴን በሉካንዳው ባለቤት በግርማ ላይ ልወጣው ሄድኩ። ፈርሱን፣ አንጀቱን፣ ጭንቅላቱን ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቦይ የሚጥለው እሱ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። እሱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ግርማ፣ ቁራውን ያበዛኸው አንተ ነህ» አልኩት።

«መምህር፣ ቁራው ባይኖር ይህ ከተማ በግማት ያልቅ ነበር። ደሞዝ የማይጠይቅ፣ ግምገማ የማይቀመጥ የጽዳት ሠራተኛ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ሰው ላይ ለምን ወጣ?»

«ረቡዕ አይደል? ቢላዬም ተሰቅሏል። እኔም ቁራውም ሥራ ፈተናል» ብሎ ሳቀ።

ቤቴ ተመልሼ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አወረድኩ። ጥር 26፣ ዓርብ። የካቲት 1፣ ረቡዕ። የካቲት 3፣ ዓርብ። የካቲት 8፣ ረቡዕ። የካቲት 10፣ ዓርብ። በጾም ቀን አይታረድም፤ ቦዩ ባዶ ነው። ቁራው የሚያጠቃው ከተማው ሲጾም ነው!

ሁለት ቀን ግን አበላሹብኝ። ጥር 29 ሰኞ ነው። ጥር 30 ማክሰኞ። ሁለት የማይገባ ነገር ያለበት ሠንጠረዥ ሠንጠረዥ አይባልም። አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መብራት ጠፋ። ፕላዝማው ዝም አለ። ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑ ሲያስተምር እኔ ጥግ ቆሜ «ዝም በሉ» የምል ሰው ነኝ፤ ዛሬ ጠመኔ አነሣሁ። ስለ ቁራ አስተማርኩ። ይህ ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ከእኛ ደጋና ከአጎራባቹ አገር ውጭ የትም የለም አልኳቸው። ኩበት እየገለበጠ ትል እንደሚለቅም፣ የለመደውን ሰው ፊት እንደሚያውቅ ነገርኳቸው። ሠንጠረዡንም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። «ሰኞና ማክሰኞን ማን ያስረዳኛል?»

ወይንሸት የምትባል ልጅ፣ አባቷ ቄስ ናቸው፣ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እነሱ እኮ የነነዌ ጾም ናቸው።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ቲቸር አይጾሙም እንዴ?» አለ። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ሰባቱም ቀን ገጠመ። ሰባቱም! ስንት ዓመት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመብራቱ መጥፋት ያስገኘው ነገር ነው።

ደወል ሲደወል ወይንሸት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆየች። «ቲቸር፣ የእርስዎ ቁራዎች ናቸው ይባላል» አለች። «ቁራ የማንም አይደለም» አልኳት። ትልቅ መልስ እንደሰጠሁ ሁሉ ቀና ብዬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ለማዘጋጃ ቤቱ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። መንስኤው ዛፉ አይደለም፣ የእርድ ተረፈ ምርት አጣጣል ነው። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን እርድ የለም፤ ዛፉን ብትቆርጡም የተራበው ቁራ እዚሁ ነው። ጉድጓድ ይቆፈር፣ ተረፈ ምርቱ ዓመቱን ሙሉ ይቀበር፣ ቁራውም ከተማውን እየተወ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ቀሪው ላይ ማኅተም አስመትቼ ያዝኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 17

መልስ የለም። ደብዳቤዬ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ደረጀ ስብሰባ ነው፤ ደረጀ መስክ ነው። ሞተሩ ግን በሩ ላይ ቆሟል።

ከቴሌ ለዘነበች ደወልኩ። ስለ ሠንጠረዡ ነገርኳት። ነነዌንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «ይህን የምትነግረው እዚያ ሰው የለም?» አለች። በክፋት አልነበረም ያለችው። ያ ነው የባሰብኝ።

የማዘጋጃ ቤቱን ዛፍ ቆራጮች መንገድ ላይ አየኋቸው፤ ሁለት ናቸው። አንዱ ሲያልፍ ጥዱን አንጋጦ በዓይኑ ለካው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 18

ቅበላ ነው። ከተማው ሁሉ ያርዳል። ቁራዎቹ ጠግበው ጣሪያ ላይ ይንጫጫሉ፤ ሰው በሥራቸው ዳቦ ይዞ ሲያልፍ ዞረውም አያዩ። ሠንጠረዤ ትክክል ነው። የምነግረው ሰው የለም እንጂ።

እማማ አስካለ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«መምህር፣ ኩርፊያህ እስከ መቼ ነው?»

«ፈርመውብኛል፣ እማማ።»

«ፈርሜአለሁ። ጣቴን ቀለም ነክረውት ሦስት ቀን አልለቅ ብሎኝ ነበር።»

«ስንት ዓመት ጎረቤት ነን? መጀመሪያ ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ነግሬሃለሁ እንጂ። በጥምቀት ሰሞን 'መምህር፣ እነዚህ ወፎች ሰው ለመዱ' አልኩህ። አንተ 'ብልህ ወፍ ነው እማማ' ብለህ ስለ አንጎሉ ታስተምረኝ ጀመርክ። ቆሜ ሰማሁህ፤ ምን ላድርግ።»

እውነት ነው። ትዝ አለኝ። ረጅም ትምህርት ነበር።

ከዚያ የካቲት አንድ የሆነውን ነገሩኝ። የልደታ ዝክር ተራቸው ነበር። የጋገሩትን ዳቦ በመሶብ ተሸክመው ሲወጡ ቁራው መሶቡ ላይ አረፈ። በነጠላቸው ሊያባርሩት ሲሉ እጃቸውን ወጋቸው። ዳቦው መሬት ወደቀ። «ቁራ የነካውን ዝክር ማን ይቀምሳል? ማኅበርተኛው ተሰብስቦ እኔ ባዶ እጄን ገባሁ። በሰባ ዓመቴ» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

ስለ እርዱ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ግርማ ላስረዳቸው ጀመርኩ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ግርማ ከቦይ አበላው፤ ከቦይ ይለቅም ነበር። ከሰው እጅ መቀበል ማን አስተማረው? አንተው አይደለህ በእጅህ ያጎረስከው? በአጥሩ ቀዳዳ አይቼሃለሁ። አምና ሁዳዴን ሙሉ። 'ና ብላ፣ ና ወንድሜ' ትለዋለህ። ከሰው ጋር እንኳ እንዲህ ስታወራ ሰምቼህ አላውቅም።»

እንዝርታቸውን አንሥተው ገቡ።

እሑድ፣ የካቲት 19

ሌሊቱን እንደተኛሁ አልጽፍም፤ ውሸት ይሆናል።

አምና ሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ደጃፌ ተቀምጬ ደረቅ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። ወንዱ ቁራ መጥቶ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆመ። ቁራሽ ወረወርኩለት። በማግሥቱ አንድ ክንድ ቀረበ። በሳምንቱ ከእጄ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የበሩን ቆርቆሮ በምንቃሩ ይመታ ጀመር፤ እስክከፍትለት። ሰው በሬን አንኳኩቶልኝ ስንት ጊዜ ሆኖ ነበር?

ስም አላወጣሁለትም። ይህም ውሸት ነው። አውጥቼለታለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

የሚያጠቃው በጾም ቀን የሆነው ቦዩ ባዶ ስለሆነ ነው። እጅ ላይ የሚያርፈው ግን ከእጅ ስለለመደ ነው። ሠንጠረዤ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አላሳየም፤ እኔን የሚያስገባ ዓምድ አልሠራሁለትም ነበር። ሠላሳ ዓመት ልጆችን «ያየኸውን ሁሉ ጻፍ፣ የሚጎዳህንም ቢሆን» እያልኩ አስተምሬአለሁ።

እማማ አስካለ የቅበላ ወጥ በሳህን በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። «ብላ፣ ነገ የለም» አሉ። በላሁ። አጥንቱን ጠቅልዬ ቀበርኩት። ወንዱ ከጥዱ ላይ ሆኖ ስቆፍር ያየኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 20

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ተመታ። ሦስት ጊዜ። ዝም። ደግሞ ሦስት ጊዜ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ያዝኩ። አልከፈትኩም። ሲሄድ የክንፉ ድምፅ ተሰማኝ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ተመታ። ከፈትኩ። ዛፍ ቆራጮቹ ናቸው፤ መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ ገመድ። ከኋላቸው ደረጀ። ጥዱ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፣ ቆምኩ ብቻ። አንደኛው ቆራጭ «መምህር፣ ዛሬ ጾም ገብቷል፣ ጉልበት የለንም፤ ታግለን አናስለቅቅዎትም» አለ። መጥረቢያውን አጋድሞ እጀታው ላይ ተቀመጠ።

እማማ አስካለ መጡ። ለእኔ ሳይሆን ለደረጀ ነው የተናገሩት።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዛፍ ይቆረጥ ብዬ ፈርሜአለሁ?»

«እማማ፣ አቤቱታው...»

«አንብበው። መነጽር የለኝም እንጂ ያስጻፍኩትን አውቀዋለሁ።»

ደረጀ ፋይሉን ይዞታል። አነበበው፣ ቀስ ብሎ፦ «ቁራዎቹን ከእጁ እያበላ የሚያስለምደው ሰው ተጠርቶ ይመከርልን።» ስለ ዛፍ አንድ ቃል የለም። ማክሰኞ ዕለት ይህ ወረቀት በእጄ ነበር። ቀኖቹን ገለበጥኩ፣ የጣት አሻራውን አየሁ፣ ተቀየምኩ፤ ዋናውን አላነበብኩትም። እኔ፣ ለሌላው ሁሉ ዜሮ የምሰጥ።

«ታዲያ ዛፉን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

ደረጀ መሬት መሬት አየ። «ቲቸር፣ እርስዎን ጠርቼ ምን ብዬ ልምከር? ዛፉን መጻፍ ቀለለኝ።»

የእንቁራሪቷን ሥዕል ሲያስረክበኝ የነበረው ፊት ነው። ልቆጣው ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም።

ውሳኔው በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ገብቷል፣ በቃል አይሻርም አለ። ኮሚቴው ዓርብ ጠዋት ይቀመጣል። እስከዚያ ሠራተኞቹን ይመልሳል፤ እኔ እንደገና በጽሑፍ ላመልክት። «ያለውን ሁሉ ይጻፉት፣ ቲቸር» አለ። ሁሉ የሚለውን አጥብቆ ነው ያለው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 21

ጠዋት ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ብቻ ተመታ። አልከፈትኩም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከብቶቹ በሚውሉበት ሜዳ በኩል ዞርኩ። ወንዱ እዚያ ነው፤ ኩበት ይገለብጣል። ትል አግኝቶ ወደ ጥዱ በረረ። ለሦስት ጫጩት ይበቃ አይበቃ አላውቅም። እኔን ሳያውቅ በፊት በዚሁ ኖሯል፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ማመልከቻው ይኸው፣ ቀሪው፦

«በቅድሚያ በየካቲት 16 ቀን ያቀረብኩት ጽሑፍ ጎደሎ እንደነበር አስታውቃለሁ። እርድ በሌለበት ቀን ቁራዎቹ ሰው ላይ የሚወጡት ቦዩ ባዶ ስለሚሆን ነው ብዬ ነበር፤ በዚህ እጸናለሁ። ከሰው እጅ መንጠቅን ያስለመድኳቸው ግን እኔ ነኝ። ካለፈው ዓመት ሁዳዴ ጀምሮ ከእጄ አበላኋቸው። የወይዘሮ አስካለ የልደታ ዝክር የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው። እሳቸውን በአፌ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ዱቄቱን ከቤቴ አውጥቼ፣ የመጋቢት ልደታ ዝክራቸውን መሶብ እስከ ማኅበሩ ቤት ድረስ ራሴ ተሸክሜ፣ በዱላ እየጠበቅኩ አደርሳለሁ። ከትናንት ጀምሮ ማብላት አቁሜአለሁ።

የምጠይቀው ሁለት ነው። ጎጆው ውስጥ ሦስት ያልበረሩ ጫጩቶች አሉ፤ እስከ መጋቢት 15 ቀን ዛፉ እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ ሁዳዴ ከማለቁ በፊት ከሉካንዳዎቹ ጀርባ ጉድጓድ እንዲቆፈር፤ ለቁፋሮው እኔም አካፋ ይዤ እገኛለሁ። ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ስለ ጥዱ በምትወስኑት ላይ አልከራከርም።

'እናየዋለን' የሚል የቃል መልስ አልቀበልም። ውሳኔያችሁ ቁጥርና ቀን ባለው ጽሑፍ፣ እስከ ዓርብ የካቲት 24 ቀን 1998 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»